ትምህርት አምስት፦ ቀልብን መሰብሰብ
የጥሞና ልምምድ ዓላማ፣ በወረርሽኝ ወቅት ከጭንቀት እፎይታ ለሚሹ ጀማሪዎች

የትምህርቱ ዓላማዎች

ተሳታፊዎች ይህን ትምህርት ሲያጠናቅቁ፦
1. ጭንቀት በሰውነትና በአእምሮ ላይ የሚያስከትለውን ለውጥ ያብራራሉ፤
2. የጥሞና ልምምድ ዓላማ ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ ለይተው ይገልጻሉ፤
3. ለጀማሪ የሚሆነውን የአምስት ደቂቃ ልምምድ ራሳቸው ይሠራሉ፣ ለሌሎችም ያሳያሉ፤
4. ልምምዱ ብቻውን የማይበቃበትን ሁኔታ ለይተው ሰውን ወደ ጤና ተቋም ይልካሉ።

መግቢያ

የኮሮና ቫይረስ በሽታ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ መገኘቱ የተገለጸው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የየብስ ድንበሮችም ለሰዎች እንቅስቃሴ ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀን ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እርምጃዎቹ የበሽታውን ሥርጭት ለመግታት አስፈላጊ ነበሩ። ይሁን እንጂ ሰው ከሰው ጋር በሚኖርበት መንገድ ላይ ሁሉ ስጋት እንዲያጠላ አድርገዋል።

በደቡብ ኦሞ ዞን የኛንጋቶም ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በካንጋተን ይህ ስጋት የራሱ መልክ ነበረው። ነዋሪው አርብቶ አደርና በኦሞ ወንዝ ዳርቻ ማሽላ የሚዘራ ሕዝብ ነው። ዘመዱና የከብቱ ግጦሽ በድንበር ወዲያና ወዲህ ነው፤ ጉዳዩን የሚመክረው በዛፍ ጥላ ሥር ተሰብስቦ ነው፤ የቡና ገለባ መጠጡን በቅል ይቀባበላል። «አትሰብሰቡ፣ አትጨባበጡ፣ በአንድ ዕቃ አትጠጡ» የሚለው መልእክት ሲደርሰው ከጤና ምክርነቱ ባሻገር የኑሮውን መሠረት የሚነካ ነበር። መልእክቱን ይዘው የሚዞሩት የጤና ባለሙያዎችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ከዚሁ ስጋት ውጭ አልነበሩም። በሽታውን ለቤተሰቦቻቸው ይዘው እንዳይገቡ ይፈሩ ነበር፤ እንቅልፍ ያጡም ነበሩ።

ይህ ትምህርት ለጭንቀት ከሚረዱት ዘዴዎች አንዱን፣ ማለትም ጥሞናን፣ ይመለከታል። ብዙ ጀማሪዎች ልምምዱን በጀመሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይተዉታል። የሚተዉት አብዛኛውን ጊዜ ልምምዱ ስለከበዳቸው አይደለም፤ ዓላማውን በተሳሳተ መንገድ ስለተረዱት ነው። ስለሆነም ከአሠራሩ አስቀድመን ዓላማውን እንመለከታለን።

1. ጭንቀት በሰውነታችን ውስጥ

ጭንቀት በራሱ በሽታ አይደለም። አደጋ በቀረበ ጊዜ አንጎላችን ለሰውነታችን የማስጠንቀቂያ መልእክት ያስተላልፋል። አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉት ሆርሞኖች ወደ ደም ይለቀቃሉ፤ ልብ በፍጥነት ይመታል፤ ትንፋሽ ያጥራል፤ ጡንቻ ይወጠራል፤ የምግብ መፈጨት ይዘገያል። ይህ ዝግጅት ከአውሬ ለሚሸሽ ወይም ከጎርፍ ለሚያመልጥ ሰው ሕይወት አድን ነው። አደጋው ሲያልፍ ሌላው የነርቭ ሥርዓታችን ክፍል ሰውነትን ወደ ዕረፍት ይመልሰዋል።

የወረርሽኝ ችግር አደጋው የማይታይና ቶሎ የማያልፍ መሆኑ ነው። ቫይረሱ እንደ አውሬ መጥቶ አይሄድም። ሰው ሌሊት ተኝቶ እንኳ ስለ በሽታው ባሰበ ቁጥር ሰውነቱ አደጋው አጠገቡ እንዳለ ሆኖ ይነሣል። ሁኔታው ለሳምንታትና ለወራት ሲዘልቅ የእንቅልፍ ማጣት፣ የራስ ምታት፣ የሆድ መረበሽ፣ ቁጣ፣ መርሳትና ተስፋ መቁረጥ ይከተላሉ። ለጤና ሠራተኛ ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው። ቀልቡ የተበተነ ባለሙያ የታካሚውን ቃል አያዳምጥም፤ ጓንቱን ሲያወልቅ ይሳሳታል፤ የመድኃኒት መጠን ሊያዛባ ይችላል።

2. ጥሞና ሲባል ምን ማለት ነው?

ጥሞና፣ ተመስጦ፣ አርምሞ የሚሉት ቃላት ለአንባቢያችን እንግዳ አይደሉም። በገዳማት የሚኖሩ መነኮሳት ለዘመናት በአርምሞና በጸሎት ሲተጉ ኖረዋል፤ በእስልምናም ፈጣሪን በማውሳት ልብን የመሰብሰብ ልምድ አለ፤ የእስያ ሃይማኖቶችም የየራሳቸው ጥንታዊ ሥርዓት አላቸው። በጤናው ዘርፍ ዛሬ የሚሰጠው ልምምድ ከእነዚህ ጋር ዝምድና ቢኖረውም የአንድ ሃይማኖት ሥርዓት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 ጆን ካባት ዚን የተባሉት አሜሪካዊ ምሁር በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ሥልጠና ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ዘዴው በብዙ አገሮች የጤና ተቋማት ውስጥ ገብቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2020 በጭንቀት ጊዜ ሰዎች ራሳቸውን የሚረዱበት በሥዕል የተደገፈ መመሪያ ሲያወጣ ትኩረትን ወደ አሁኑ ጊዜ የመመለስ ልምምድን የመጀመሪያው ክፍል አድርጎታል።

በዚህ ትምህርት ውስጥ ጥሞና ስንል ሰው ትኩረቱን በፈቃዱ በአንድ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ በትንፋሹ ላይ፣ ማሳረፉን፣ ትኩረቱ ሲበተን ደግሞ ሳይቆጣ መልሶ መሰብሰቡን ማለታችን ነው።

3. በካንጋተን የቀረበ ጥያቄ

የዚህ ትምህርት ጸሐፊ በ2012 ዓ.ም. ከጂንካ እየተነሣ በወረዳዎች የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥራ ላይ በተሰማራበት ወቅት በካንጋተን ከአሥራ አምስት ከማይበልጡ ሰዎች ጋር በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር። ተራርቀን ተቀምጠናል፤ ጭምብል አድርገናል። ስለ እጅ መታጠብና ስለ ርቀት ከተነጋገርን በኋላ ስለ ጭንቀት አነሣሁና «ጥሞና ማለት አእምሮን ከሐሳብ ሁሉ ባዶ ማድረግ ነው» አልኩ። አስተርጓሚያችን የነበረችው የአካባቢው ተወላጅ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቃሉን ስታደርስ ተሰብሳቢው ሳቀ። አንድ አዛውንት ግን አልሳቁም። «ልጄ፣ አእምሮው ባዶ የሆነ ሰው ከብቱን ማን ይጠብቅለታል?» ሲሉ ጠየቁ።

መልስ አጣሁ። ጥያቄው ትክክለኛ ነበር። በዚያ አካባቢ ንቃት የሕይወት ጉዳይ ነው። ልቡን ባዶ ያደረገ እረኛ ከብቱንም ራሱንም ያጣል። ከዚህም በላይ እኔ ራሴ ለሁለት ሳምንታት ያህል በየምሽቱ አእምሮዬን ባዶ ለማድረግ ሞክሬ፣ አልሆን ሲለኝ ትቼው ነበር። ለሌሎች የማስተምረው ራሴ ያልቻልኩትን ነበር ማለት ነው።

ከዝምታው ያወጣችን አስተርጓሚያችን ናት። ለአዛውንቱ በቋንቋቸው ጥቂት ከተናገረች በኋላ ያለችውን በአማርኛ ነገረችኝ። «ፍየል ስትጠብቅ የዋለች ልጅ ፍየሎቹ አንድ ጊዜም እንዳይወጡ ማድረግ አትችልም። ይወጣሉ። ሥራዋ የወጣችውን ቶሎ ማየትና መመለስ ነው። ይህም እንደዚያ ነው ብዬ ነገርኳቸው» አለች። አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ትምህርቱን የምንሰጠው በእርሷ አገላለጽ ነው።

4. የጥሞና ዓላማ

ከላይ ከቀረበው ምሳሌ አራት ነጥቦችን መውሰድ እንችላለን።

አንደኛ፣ የጥሞና ዓላማ ሐሳብን ማጥፋት አይደለም። ማሰብ የአንጎል የዘወትር ተግባር ነው። ጀማሪ ዓይኑን ጨፍኖ ሲቀመጥ ሐሳቦች የሚበዙበት ይመስለዋል። የሚሆነው ግን ቀድሞም የነበረውን ግርግር አሁን ልብ ማለቱ ነው። ይህ የውድቀት ምልክት ሳይሆን የልምምዱ መጀመሪያ ነው።

ሁለተኛ፣ ዋናው ሥራ መመለሱ ነው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ቀልቡ ሃያ ጊዜ የተበተነበትና ሃያ ጊዜ የመለሰ ሰው ሃያ ጊዜ ተለማምዷል። እረኛዋ የወጣችውን ፍየል እየደበደበች ብታሳድዳት ሌሎቹም ይበረግጋሉ፤ በእርጋታ ብትመልሳት መንጋው ይረጋጋል። ራስን መውቀስም እንደ ዱላው ነው፤ በጭንቀት ላይ ጭንቀት ይጨምራል።

ሦስተኛ፣ ዓላማው ፍርሃትን ከሥሩ መንቀል አይደለም። በወረርሽኝ ጊዜ መፍራት ተገቢ ነው፤ ጭምብል እንድናደርግ የሚያስታውሰን እርሱ ነው። ጥሞና የሚያስተምረን «ፈርቻለሁ» ብለን ፍርሃቱን አውቀን፣ እርሱ እንዳይነዳን ማድረግን ነው። በሐሳብ ጭልጥ ብሎ የሄደ ሰው መሄዱን አያውቅም። መሄዱን ያወቀ ሰው ግን ተመልሷል።

አራተኛ፣ መጨረሻው ሥራ ነው። ቀልብን የምንሰበስበው ከፊታችን ያለውን ተግባር በሚገባ ለመፈጸም ነው። የዚህ ትምህርት ጸሐፊ ከካንጋተን ከተመለሰ በኋላ ትኩሳት ይዞት በጂንካ በአንድ ክፍል ውስጥ ተለይቶ የምርመራ ውጤት ጠብቋል። በነዚያ ቀናት ጠዋትና ማታ የተደረገው ልምምድ ፍርሃቱን አላጠፋውም። ሆኖም ባለፉት ቀናት ያገኛቸውን ሰዎች አንድ በአንድ አስታውሶ ዝርዝራቸውን ለሚመለከታቸው ባለሙያዎች መስጠት አስችሎታል። በመጀመሪያው ሌሊት፣ ገና ሳይረጋጋ፣ ሲሞክር ከሦስት ስም በላይ ሊያስታውስ አልቻለም ነበር። ምርመራው ቫይረሱ እንደሌለበት አሳየ። ቢኖርበት ኖሮ ግን የብዙ ቤተሰቦች ደኅንነት በዚያ ዝርዝር ላይ የተመሠረተ ይሆን ነበር።

5. ጥናቶች ምን ያሳያሉ?

ከእኛ አካባቢ እምብዛም በማይርቅ ሥፍራ የተደረገ አንድ ጥናት ተጠቃሽ ነው። በሰሜን ዩጋንዳ በሚገኘው የራይኖ ካምፕ የስደተኞች ሠፈር 694 ደቡብ ሱዳናውያን ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት ውጤት እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል። በዓለም ጤና ድርጅት በተዘጋጀው ዘዴ የሠለጠኑት ሴቶች በቡድን ሆነው ለአምስት ሳምንታት በሳምንት አንድ ጊዜ በድምፅ የተቀዳ ትምህርት ያዳምጡና ይለማመዱ ነበር፤ በሥዕል የተዘጋጀ መጽሐፍም ተሰጥቷቸዋል። ቡድኖቹን የመሩት አጭር ሥልጠና የወሰዱ የማኅበረሰቡ አባላት እንጂ የአእምሮ ሐኪሞች አልነበሩም። ከሦስት ወራት በኋላ የእነዚህ ሴቶች ጭንቀት ሥልጠናውን ካላገኙት ጋር ሲነጻጸር ይበልጥ ቀንሶ ተገኝቷል። ከዚህ የምንማረው፣ ዘዴው የተማረ ወይም ጸጥ ባለ ቤት የሚኖር ሰው ብቻ የሚጠቀምበት አለመሆኑን ነው።

በሌላ በኩል ጥቅሙን ማጋነን አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ 47 ጥናቶችን የመረመረ ግምገማ ልምምዱ ጭንቀትንና ድብርትን ከአነስተኛ እስከ መካከለኛ ደረጃ እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ነገር ግን ከአካላዊ እንቅስቃሴ ወይም ከሌሎች ሕክምናዎች ይበልጣል የሚያሰኝ ማስረጃ አላገኘም። ስለዚህ ጥሞናን ከሌሎች ረዳቶቻችን እንደ አንዱ እንያዘው።

6. ለጀማሪ የሚሆን የአምስት ደቂቃ ልምምድ

ሀ. ቦታ፦ ነፋስ የሚያገኝ ጥላ ይምረጡ። ፍጹም ጸጥታ አያስፈልግም። በቡድን ከሆኑ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ያህል ተራርቀው ይቀመጡ።

ለ. አቀማመጥ፦ ወንበር ላይ፣ መሬት ላይ ወይም በአካባቢው ሰዎች ይዘዋት በሚዞሩት ትንሽ የእንጨት መቀመጫ ላይ ይቀመጡ። ጀርባዎን ቀና ያድርጉ፤ ትከሻዎን ያላሉ።

ሐ. ዓይን፦ መጨፈን ግዴታ አይደለም። ንቁ ሆኖ መቆየት የሚፈልግ ሰው ዓይኑን ሳይከድን ጥቂት እርምጃ ወደ ፊት መሬቱን ይመልከት።

መ. እግር፦ የእግርዎ መዳፍ መሬትን ሲነካ ልብ ይበሉ። የመሬቱን ሙቀትና ጥንካሬ ያስተውሉ።

ሠ. ትንፋሽ፦ በአፍንጫ አየር ያስገቡ፤ ሲያስወጡ ከማስገባቱ ጥቂት ያስረዝሙት። ትንፋሽ ሲወጣ የልብ ምት በተፈጥሮ ዝግ ይላል፤ ረጅሙ ትንፋሽ ሰውነትን ወደ ዕረፍት የሚያደላው በዚህ ምክንያት ነው። አያስገድዱት። ባስወጡ ቁጥር አንድ፣ ሁለት እያሉ እስከ አሥር ይቁጠሩ፤ ከዚያ እንደገና ከአንድ ይጀምሩ። ሰዓት ከሌለዎት ስድስት ዙር አምስት ደቂቃ ያህል ይሆናል።

ረ. ቀልብ ሲበተን፦ ቁጥሩ እንደጠፋብዎ ሲያውቁ በልብዎ «ሐሳብ» ይበሉና ወደ አንድ ይመለሱ። ስንት ጊዜ እንደተመለሱ አይቁጠሩ።

ሰ. መዝጊያ፦ ከመነሣትዎ በፊት «አሁን ከፊቴ ያለው አንድ ሥራ ምንድን ነው?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። ተነሥተው እርሱን ይሥሩ።

ለመጀመሪያው ሳምንት ጠዋትና ማታ አምስት አምስት ደቂቃ ይበቃል። የጤና ሠራተኞች መከላከያ ልብስ ከመልበሳቸው በፊት አንድ ዙር፣ ማለትም አሥር ትንፋሽ ብቻ፣ ቢሠሩም ይጠቅማቸዋል።

7. ጀማሪዎች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች

«እንቅልፍ ይወስደኛል።» ሰውነትዎ ዕረፍት እንደጎደለው ያመለክታል። ከቻሉ ይተኙ። ለልምምዱ ሌላ ሰዓት ይምረጡ፤ ወይም ቆመው ይሥሩት።

«ከእምነቴ ጋር አይጋጭም?» ልምምዱ ትንፋሽን ልብ ማለት ነው፤ ማንኛውንም እምነት አይጠይቅም፣ ማንኛውንም አይተካም። ጸሎት የሚያዘወትር ሰው ከጸሎቱ በፊት ቀልቡን ለመሰብሰቢያ ሊጠቀምበት ይችላል።

«ጭንቀቴ ባሰብኝ።» በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት መረበሽ ያጋጥማል። ነገር ግን ያለፈ መከራ፣ ግጭት ወይም የቅርብ ሰው ሞት በምስል መልክ ተመልሶ ቢያስጨንቅዎ ዓይንዎን ይክፈቱ፤ ትንፋሽዎን መቁጠር ይተዉ፤ በአካባቢዎ የሚያዩአቸውን አምስት ነገሮች በስማቸው ይጥሩ፤ ከሚያምኑት ሰው ጋርም ይነጋገሩ። እንዲህ ላለው ሰው እጅን ሥራ የሚያስይዝ ተግባር ወይም የእግር ጉዞ ከመቀመጥ ሊሻል ይችላል።

8. ጥሞና የማይተካቸው ነገሮች

የትንፋሽ ማጠር ከጭንቀትም ከኮሮና በሽታም ሊመጣ ይችላል። በቤትዎ ሆነው ለመለየት አይሞክሩ። ትኩሳት፣ ሳል፣ የማሽተት ስሜት መጥፋት ወይም ሲቀመጡ እንኳ የማይለቅ የትንፋሽ ማጠር ካለ ልምምዱን ትተው ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ ወይም በነጻ የስልክ መስመር 8335 ይደውሉ። ስልክ በማይሠራበት ሥፍራ በአቅራቢያዎ ላለው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ያሳውቁ።

እንዲሁም ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የተወ፣ ሥራውን መሥራት ያቃተው፣ መጠጥ ወይም ጫት ያበዛ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ ወይም ራሱን ስለመጉዳት የሚናገር ሰው የባለሙያ እርዳታ ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለውን ሰው «ተረጋጋ» ብሎ ማለፍ አይገባም። ብቻውን ሳይተዉት ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ እንደ አስፈላጊነቱም ወደ ሆስፒታል ይላካል።

በመጨረሻም ጥሞና የእህል እጦትን፣ የውኃ ችግርን ወይም የመከላከያ ቁሳቁስ ጉድለትን አይፈታም። ጭምብል ያልቀረበለትን የጤና ሠራተኛ «ተንፍስ» ማለት ፍትሐዊ አይደለም። የሥራ ኃላፊዎች ልምምዱን ለሠራተኞቻቸው ሲያስተምሩ የዕረፍት ሰዓትንና ቁሳቁስን አብረው ማሟላት ይኖርባቸዋል።

ማጠቃለያ

ጥሞና የሚፈልገው ባዶ አእምሮን ሳይሆን የተሰበሰበ ቀልብን ነው። ቀልብ ይበተናል፤ ልብ እንላለን፤ እንመልሰዋለን፤ ከዚያም ወደ ሥራችን እንነሣለን። ዛሬ ማታ ተቀምጠው ሐሳብዎ ደጋግሞ ቢወጣብዎ «አልቻልኩም» አይበሉ። መልሰውታልና ችለዋል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በእርስዎ አካባቢ ቋንቋ «ቀልብን መሰብሰብ» የሚለውን ሐሳብ የሚገልጽ ቃል ወይም ምሳሌ የትኛው ነው? ከአካባቢው ሽማግሌዎችና ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ተወያዩበት።
2. አዛውንቱ ያቀረቡትን ጥያቄ እርስዎ ቢጠየቁ እንዴት ይመልሱ ነበር?
3. ልምምዱን ለሦስት ቀናት ከሠሩ በኋላ የተለወጠውንና ያልተለወጠውን ለቡድንዎ ይግለጹ።
4. በሥራ ቦታዎ ጭንቀትን ከሚፈጥሩት ነገሮች መካከል በጥሞና የሚቀልሉትንና በአሠራር ለውጥ ብቻ የሚፈቱትን በሁለት ዝርዝር ለይተው ይጻፉ።